ብርድ አይደለም፤ ሸክም ነው

ስለ እንጦጦ ብዙ ተጽፏል። ስለ አየሩ ጥራት፣ ስለ ባሕር ዛፉ ሽታ፣ ስለ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥትና ስለ እንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያልጻፈ ተማሪ የለም ለማለት ይቻላል። እኔ ግን የምጽፈው ስለ ተራራው ሳይሆን ከተራራው በየቀኑ ጎብጦ ስለሚወርደው ወገብ ነው። ይህ ነገር የሐኪም እንጂ የተማሪ አይደለም የሚል ሰው አይጠፋም። ዳሩ ግን በየካ ክፍለ ከተማ ከተራሮቹ ግርጌ ለሚኖር ሰው የወገብ ሕመም የሐኪም ብቻ ጉዳይ እንዳልሆነ እስከ መጨረሻው ታግሦ ላነበበኝ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሕመሙን በየቤታችን እናውቀዋለን። ከወገብ ይነሣና በአንድ ወገን መቀመጫ አልፎ፣ በጭን ኋላ አድርጎ ወደ ባትና ወደ ተረከዝ ይወርዳል። አንዱን እንደ እሳት ያቃጥለዋል፤ ሌላውን ይነዝረዋል፤ ሦስተኛውን ደግሞ የጭኑ ኋላ እንደ ተወጠረ ገመድ ሆኖ አላስጎነብስ ይለዋል። ሲያስሉና ሲያስነጥሱ ይብሳል። በሰፈራችን ስሙ አንድ ነው፤ «ብርድ» ይባላል። «ብርድ ገባብኝ» ያለ ሰው ሁሉ ስለ ሕመሙ ምክንያት ተናግሮ እንደ ጨረሰ ይቈጠራል። እንጦጦ ሥር ለሚኖር ሰው ብርድ ቅርብ ስለ ሆነ ይህን አባባል የሚጠራጠር የለም። መድኃኒቱም እንደ ስሙ ነው፤ ጋቢ መደረብ፣ ወገብን በመቀነት ጠበቅ አድርጎ ማሰር፣ በቅቤ መታሸት፣ ከዚያም መተኛት።

የእኔ አሳብ ይህ ስም መለወጥ አለበት የሚል ነው። ስሙ ካልተለወጠ ማንም አይጠየቅበትምና። ብርድን የሚያመጣ እግዚአብሔር ነው፤ ሸክምን የሚያመጣ ግን ሰው ነው።

በመጀመሪያ በሰውነታችን ውስጥ የሚሆነውን እንመልከት። ከአከርካሪያችን የታችኛው ክፍል በየጎኑ የሚወጡ አምስት የነርቭ ሥሮች ተገናኝተው አንድ ወፍራም ነርቭ ይሠራሉ። ሐኪሞች ሳያቲክ ነርቭ ይሉታል። በሰውነታችን ካሉት ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ እርሱ ሲሆን መነሻው ላይ የጣት ያህል ውፍረት አለው። በመቀመጫ ሥጋ ሥር አልፎ በጭን ኋላ ይወርድና ወደ ጉልበት ሲቃረብ ለሁለት ተከፍሎ ቅርንጫፎቹ እስከ እግር ጣት ይደርሳሉ። ስለዚህ ባቱን ወይም ተረከዙን ያመመው ሰው የሕመሙ ምንጭ ወገቡ ላይ ሊሆን ይችላል። የቤት በር መጥሪያ ቍልፉ በር ላይ፣ ድምፁ ግን ሳሎን ውስጥ እንደሚሰማ ማለት ነው። ተረከዙን ሲያሹለት የሚውሉት ሰው ለምን እንደማይሻለው ከዚህ ይታወቃል።

የአከርካሪ አጥንቶች እርስ በርሳቸው እንዳይፋጩ በመካከላቸው ዲስክ የሚባል ትራስ አለ። ውጭው ጠንካራ ቀለበት፣ ውስጡ ግን እንደ ረጋ ሙጫ ለስላሳ ነው። ሰው ወደ ፊት ሲያጎነብስ የትራሱ የፊት ወገን ይጨመቃል፤ ለስላሳውም ወደ ኋላ ይገፋል። ያጎነበሰው ሰው በዚያው ላይ ከባድ ነገር ቢያነሣ ግፊቱ እጅግ ይበረታል። ቀለበቱ ከዓመት ዓመት እየደከመ ሲሄድ ይሰነጠቅና ውስጡ ወደ ኋላ ወጥቶ የነርቩን ሥር ይነካል። የተነካው ነርቭ ይቈጣል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው በወገብ መጨረሻ ባሉት ሁለት ትራሶች ላይ ነው፤ የሰውነትን ክብደት ከሁሉ ይልቅ የሚሸከሙት እነርሱ ናቸውና።

ጎረቤቶቼ ብርድ ነው በማለታቸው ልሥቅባቸው አልፈልግም። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ነገሩን በአንድ ቀን አልደረሱበትም። ዶሜኒኮ ኮቱኞ የተባለ የኔፕልስ ሐኪም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1764 ስለዚህ ሕመም መጽሐፍ አሳትሞ፣ ከነርቭ የሚመጣውን ከዳሌ መገጣጠሚያ ከሚመጣው ለየ። ነርቩን የሚነካው አፈትልኮ የወጣው ዲስክ መሆኑ በሰፊው የታወቀው ግን በ1934 ሚክስተርና ባር የተባሉ ሁለት የቦስተን ሐኪሞች ጽሑፋቸውን ካወጡ በኋላ ነው። በሁለቱ መካከል 170 ዓመት አለ።

እርግጥ ነው፣ ወገብንና እግርን የሚይዝ ሁሉ የዲስክ ሕመም አይደለም። የሥጋ ድካም ብቻ የሆነ አለ፤ ከዕድሜ ጋር የነርቩ መተላለፊያ ጠብቦ የሚመጣ አለ። ሐኪም ለመለየት ሲፈልግ ሰውየውን በጀርባው አስተኝቶ እግሩን ሳይታጠፍ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ያነሣዋል። ሕመሙ ከጉልበት በታች ድረስ ከተወረወረ ነርቩ መነካቱን ይጠረጥራል። ምርመራው በፈረንሳዊው ሐኪም በላሴግ ስም ይጠራል፤ ዋጋውም ምንም ነው። ይህን የምለው ብዙ ወላጆች ገና ሕመሙ በጀመረ በሳምንቱ ብድር ገብተው ኤም አር አይ ለመነሣት ስለሚሮጡ ነው። ምንም የማያማቸው ሰዎች እንኳ ሲነሡ ያበጠ ዲስክ እንደሚታይባቸው ሐኪሞች ደጋግመው አይተዋል። ሥዕሉ ሁልጊዜ ሕመሙን አያሳይም።

ለስፖርት ወዳጅ ጓደኞቼም አንዲት ቃል አለችኝ። ማለዳ ማለዳ ሯጮቻችንን ለመምሰል እንጦጦ ላይ ሮጠው ሲመለሱ «ጅማቴ አጠረ» እያሉ አንዱ የሌላውን እግር በኀይል ሲስብ አያለሁ። ያጠረው ሥጋ ከሆነ በቀስታ ማፍታታት መልካም ነው። የተቈጣው ነርቭ ከሆነ ግን ነርቭ ላስቲክ አይደለምና፣ በጎተቱት ቍጥር ይብስበታል። እግር ከነዘረ ወይም ከደነዘዘ ጉተታውን መተው ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ የአዲስ አበባን የማገዶ እጦት አስታግሦ ከተማይቱን በስፍራዋ እንዳጸናት በታሪክ ተምረናል። ያ ማገዶ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ተራራ ወደ ምድጃ በምን እንደሚወርድ ግን በታሪክ ክፍለ ጊዜ ሲነሣ አልሰማሁም። አህያ ያለው በአህያ ያወርዳል። አህያ የሌላት በጀርባዋ ታወርዳለች።

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ወይም ከኮተቤ በላይ ባለው መንገድ ቆሞ ያየ ሰው ያውቃቸዋል። በማለዳ ወጥተው ቅጠልና ጭራሮ ሲለቅሙ ይውላሉ፤ ከዚያ አስረው ይወርዳሉ። እስሩ አንዳንዴ ከሴቲቱ ቁመት ይረዝማል። በወገቧ ላይ አግድም ይተኛል፤ ገመዱ በትከሻዋ አልፎ በደረቷ ላይ ይታሰራል። ዐይኗ ከምድር አይነሣም። መኪና ሲመጣባት እንኳ ዞር ማለት አትችልም፤ እስሩ መንገዱን ይይዘዋልና ሹፌሩ ነው ክላክሱን እያሰማ የሚቈጣት። ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ነው። ከተሸካሚዎቹ መካከል የራሳቸው ክብደት 50 ኪሎ የማይሞላ እንዳሉ ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም። በመካከላቸውም የእኛ እኩያ የሆኑ፣ እንዲያውም ከእኛ የሚያንሱ ልጃገረዶች አሉ።

የዓለም የሥራ ድርጅት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1967 ሠራተኛ ሊሸከመው ስለሚገባው ከፍተኛ ክብደት ስምምነት አውጥቷል። ከስምምነቱ ጋር በወጣው የአሳብ ሰነድ ለአዋቂ ወንድ የተመለከተው ልክ 55 ኪሎ ሲሆን፣ የሴቶችና የወጣቶች ሸክም ከወንዱ በብዙ እንዲያንስ ይላል። ይህ ግን አሠሪ ላለው ሠራተኛ ነው። የእንጦጦ ተሸካሚ አሠሪዋ ማን ነው? እኔ የማገዶውን ገዢ እላለሁ፤ ይኸውም የእናንተ ቤትና የእኛ ቤት ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤት እንኳ መብራት ሲጠፋ ወደ ቅጠልና ጭራሮ ይመለሳል። እሑድ በኤሌክትሪክ እንጋግራለን፤ ማክሰኞ መብራት ይጠፋል፤ ረቡዕ ጭራሮ እንገዛለን፤ በዋጋውም እንከራከራለን።

አንድ ነገር በዐይኔ ባላይ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ዳር የተቀመጠች አንዲት እናት «ልጄ፣ እስኪ አሸክሚኝ» ትለኛለች። ይህ ጥሪ በሰፈራችን የተለመደ ነው፤ ለማንም አላፊ አግዳሚ ይቀርባል። ሰው ከተገኘ እስሩን ከኋላ ይዞ ያነሣላታል፤ እርሷም ገመዱን አጥብቃ ትነሣለች። ሰው ካልተገኘ ግን መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ወደ እስሩ አስጠግታ፣ ገመዱን ታስርና ወደ ፊት በእጇና በጉልበቷ ትደፋለች። ከዚያ አንዱን እግሯን አስቀድማ፣ እያቃሰተች ትነሣለች። ከላይ ስለ ዲስኩ የጻፍሁትን ያስታወሰ አንባቢ ይህች ቅጽበት ምን እንደሆነች ያስተውላል። ወገቧ በመጨረሻው ልክ ታጥፏል፤ በላዩ 30 ኪሎ አለ፤ ኀይሏን ሁሉ በአንድ ጊዜ ታወጣለች። ከመሄዱ ይልቅ የሚጎዳው መነሣቱ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ደግሞ ይብሳል። መሄድ ሲደክማት ማረፍ ትፈልጋለች። ለማረፍ ግን ሸክሙን መሬት ማድረስ አለባት፤ መሬት ካደረሰችው ደግሞ እንደ ገና ማንሣት አለባት። ስለዚህ ማረፉ ራሱ ያስፈራታል። ብዙዎቹ ሳያርፉ እስከ ታች የሚወርዱት ጉልበት ስላላቸው አይደለም፤ እንደ ገና መነሣቱን ፈርተው ነው። መርካቶ ያሉት ተሸካሚዎች ጆንያ ሲያነሡ ሁለት ሰው ያሸክማቸዋል፤ ሲደርሱም መኪናው ላይ ወይም ክምሩ ላይ ያራግፋሉ። ሥራቸው ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን እንጦጦ ላይ ያለችው ሴት ብቻዋን ናት፤ ከዳገቱም አንዱ ወገን ገደል ነው።

እንግዲህ ሕመሙ ከያዘ በኋላ ምን ይደረጋል? እዚህ ላይ የእናቴን ነገር ባነሣ አንባቢ ይቅር ይለኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እናቴ እኔ አራተኛ ክፍል እስክደርስ ድረስ ቅጠል ትሸከም ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ከመኝታዋ ስትነሣ ግራ እግሯ አልታዘዝ አላት። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ በአንድ ቃል «ተኚ» አላት። ሦስት ሳምንት ተኛች። ሕመሙ እንደ ነበረ ሆኖ ጕልበቷ ደግሞ አለቀ። ከዚያ አንድ ወጌሻ መጥቶ እግሯን ስቦ ስቦ ሄደ፤ በዚያች ሌሊት ስትጮህ አደረች። የወጌሻን ሙያ ለመንቀፍ አይደለም፤ የወለቀ ትከሻ አግብተው የሰው እጅ ያተረፉ ሞልተዋል። የተቈጣ ነርቭ ግን የወለቀ አጥንት አይደለም።

የሚገርመው እርሷን የረዳት ምክር ከሁሉ ቀላሉ መሆኑ ነው። ጤና ጣቢያ ያየቻት ባለሙያ «እናቴ፣ አይተኙ፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይሂዱ» አለቻት። መጀመሪያ እስከ ደጃፍ፣ ቀጥሎ እስከ ጎረቤት፣ በኋላም በቀስታ የካ ሚካኤል ደርሳ መመለስ ጀመረች። ሌሊት በጎኗ ተኝታ በጉልበቶቿ መካከል ትራስ ታደርግ ነበር። በሁለት ወር ገደማ እግሯ ተለቀቀ። ይህ የእናቴ ዕድል ብቻ አይደለም። ከእንዲህ ያለው ሕመም አብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይቀላል፤ አፈትልኮ የወጣው ዲስክ እንኳ ብዙ ጊዜ በራሱ እየሟሸሸ ይሄዳል። ድሮ ሐኪሞችም የአልጋ ዕረፍት ያዙ ነበር፤ አሁን ግን ትተውታል። ሕመሙ እጅግ በጠናበት ቀን ወይም ሁለት ቀን ጋደም ማለት ነውር የለበትም፤ ሳምንት መተኛት ግን ሥጋን ከማድከም በቀር የሚጠቅመው የለም። ሕመም ማስታገሻ ለመንቀሳቀስ ያህል ይረዳል እንጂ ወር ሙሉ በባዶ ሆድ የሚዋጥ አይደለም። ጨጓራ የሚባል ሌላ ጌታ አለ።

መተኛት ሳይሆን መሄድ ያስፈልጋል ስል ግን ሁሉም ይቻላል እንዳይመስል። ሕመሙ ከያዘው ጋር ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ካቃተው፣ ሰገራ ካመለጠው፣ ሁለቱ ጭኖቹ መካከል ከደነዘዘው፣ ወይም እግሩ እየሰነፈ ሄዶ መሬት ለመሬት ከተጎተተ፣ ያ ሰው በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። ነገ ከተባለ ሊመለስ የማይችል ጕዳት ይደርስበታል። እንደዚሁም የወገብ ሕመም ከትኵሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክሳት ጋር ከመጣ የአከርካሪ ነቀርሳ ሊሆን ይችላልና መመርመር ይገባል። ነቀርሳ በአገራችን ገና አልጠፋም፤ በመድኃኒት ግን ይድናል፤ ከተተወ አከርካሪን ያጎብጣል። እንጦጦ ጠበል የሚሄዱ ወላጆቻችንን ጠበሉን ይተዉ የሚል ከአፌ አይወጣም። ጠበሉም ይጠጣ፣ ሐኪሙም ይታይ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

በቤታችንም ያለው ነገር ይታሰብበት። የእኛ አገር የቤት ሥራ ሁሉ መሬት ላይ ነው። ልብስ የሚታጠበው መሬት ላይ በተቀመጠ ሳፋ ነው፤ ቤት የሚጠረገው በአጭር መጥረጊያ ነው፤ ሽንኵርቱ የሚከተፈው፣ ቡናው የሚፈላው፣ እንጀራውም በብዙ ቤት የሚጋገረው ወገብን አጥፎ ነው። ሳፋውን በርጩማ ላይ ማስቀመጥ፣ መጥረጊያውን ረጅም እንጨት ላይ ማሰር ገንዘብ አያስወጣም። ጀሪካን የሚያነሣ ሰው ወገቡን ሳይሆን ጕልበቱን ይጠፍ፤ ጀሪካኑንም ከሰውነቱ ያስጠጋ። አንድ ባለ 20 ሊትር ከሚሸከም ሁለት ባለ 10 ሊትር በሁለት እጁ ቢይዝ ወገቡ ሚዛኑን ይጠብቃል። ወንድሞቻችን ይህን ሁሉ አንብበው «ለእናቴ እነግራታለሁ» ከሚሉ ሳፋውን ራሳቸው ቢያነሡት ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል።

ለተሸካሚዋ ግን ይህ ምክር ሁሉ ምን ይጠቅማታል? ሐኪም ፊት ብትቀርብ «ከባድ ነገር አታንሺ» ይላታል። እውነቱን ነው። እርሷም «እሺ» ብላ ትወጣለች፤ በማግስቱም ትወጣለች፤ ወደ ተራራው ማለቴ ነው። ላለማንሣት የሚያስችላት ገቢ የላትምና ምክሩ ለእርሷ ልክ እንደ መርዶ ነው። ስለዚህ የዚህ ሕመም ሕክምና ከግማሽ በላይ መንገዱ ላይ ነው ያለው እላለሁ።

መፍትሔው ሥራውን ማስለወጥ እንደሆነ አውቃለሁ። ከአሁን በፊትም ተሞክሯል። በ1980ዎቹ ዓመተ ምሕረት የዓለም የሥራ ድርጅት በረዳው ሥራ የእንጦጦ ተሸካሚዎች ጉዳይ ተጠንቶ፣ ሸክሙን የተዉ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው ሽመናና የእጅ ሥራ ይዘዋል። ነጠላና ሻርፕ ሠርተው ይሸጣሉ። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን አንዲቱ ስትወርድ ሌላዪቱ ትወጣለች፤ ከገጠር የመጣችና ሌላ ሥራ ያላገኘች ሴት መጀመሪያ የምታየው ጫካውን ነው። ሁሉም እስኪወርዱ ድረስ ዛሬ ለምትሸከመው ምን እናድርግ ነው ጥያቄዬ።

ኔፓል በሚባለው የተራራ አገር ሰዎች ሸክማቸውን ከግንባራቸው ላይ በሚያልፍ ጠፍር ይዘው ዳገት ይወጣሉ። በዚያ አገር መንገድ ዳር ከጥንት ጀምሮ የሚሠራ የድንጋይ መደብ አለ፤ ቾታሪ ይሉታል። ብዙ ጊዜ ዛፍ ይተከልበታል። የመደቡ ቁመት ተሸካሚው ሸክሙን ከጀርባው ሳያወርድ ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ እንዲያሳርፍበት ተደርጎ ነው የተሠራው። መደብ በሌለበትም እንዲያርፉ ራሱ እንደ መስቀለኛ ሆኖ የተሠራ አጭር ዱላ ይይዛሉ፤ ሲቆሙ ከሸክሙ ሥር ይደግፉታል። ድንጋይ እንጂ ወርቅ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ያ መደብ እንጦጦ ላይ ለምን እንደሌለ አሰብሁ፤ ምክንያት ግን አጣሁለት። ድንጋዩ አለ። ካብ መካብ የሚያውቅ ሰው አለ። እናቶቹም ቢሆኑ ጉብታ ሲያገኙ ጀርባቸውን ሰጥተው እስሩን ያሳርፋሉ፤ ማለት አሳቡ አላቸው፤ የጎደለው ጉብታው ነው።

ይህን አሳብ ለጓደኞቼ ባቀረብሁ ጊዜ አንዱ «ማረፊያ ከሠራንላቸው ሸክሙን ማበረታታት ይሆናል፤ ጫካውም ያልቃል» አለኝ። ብልህ ነገር ነው፤ ሆኖም አይመስለኝም። ማንም ሴት ማረፊያ ስላገኘች ብላ እንጨት መሸከም አትጀምርም። ማረፊያው እስሩን አያከብደውም፤ እንዲያውም ማንሣቱ ካላስፈራት ሸክሟን ለሁለት ከፍላ ለመመላለስ ትደፍራለች። የጫካው ጉዳይ የጥበቃና የሥራ ፈጠራ ጉዳይ ነው፤ በሴቶች ወገብ የሚጠበቅ ጫካ መኖር የለበትም። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈት ለሽርሽር የሚወጣ ሰው የሚያርፍበት ቦታ እንዲኖር ታስቧል፤ የተቃወመም የለም። ሠርቶ ለደከመ ሰው ማረፊያ ሲታሰብ ግን ክርክር ይነሣል። ሌላው ጓደኛዬ ደግሞ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» አለ። ይሁን፤ ፈቃዱ የወረዳው ነው፤ ካለፈቃድ አንድ ድንጋይ መነሣት የለበትም። ጕልበቱ ግን የእኛ ሊሆን ይችላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲሉ አባቶቻችን አንድ ክፍል ተማሪ ቈጥረው የተናገሩት ይመስላል፤ እኛ ክፍል ውስጥ 52 ነን።

ስለዚህ የትምህርት ቤታችን የበጎ ፈቃድ ክበብ በሚመጣው ዓመት ችግኝ ከመትከሉ ጎን ለጎን ይህን ሥራ እንዲይዝ አመለክታለሁ። በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን፤ ከተከልነው ስንቱ እንደጸደቀ ተመልሰን የምናይ ግን ጥቂት ነን። ካብ ቢያንስ ጠዋት ሲያዩት ማታ አለ። ለመጀመሪያው ዓመት አምስት መደብ ይበቃል፤ በዳገቱ መታጠፊያዎች ላይ፣ ከመንገዱ በላይኛው ወገን ቢሆን ጎርፍ አያፈርሰውም፤ መኪናም አያደናቅፍም። ጥልቀቱ እስሩን የሚችል፣ ስፋቱም ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን የሚያርፉበት ይሁን። ከወላጆቻችን መካከል ግንበኞች እንዳሉ አውቃለሁና አንድ ሁለት ቅዳሜ ቢሰጡን የሒሳብ መምህራችን ልኩን፣ የስፖርት መምህራችንም ድንጋይ አነሣሣችንን ቢቈጣጠሩልን መልካም ነው፤ የሰው ወገብ እናድናለን ብለን የራሳችንን እንዳናጣ።

ቁመቱን ግን እኛ በወረቀት ላይ አንወስነው። በገመድ እንለካ፤ ከሚወርዱት እናቶች ከአጭሯም ከረጅሟም እየጠየቅን፣ እስሩ ወገባቸው ላይ ሲያርፍ ከመሬት ያለውን ርቀት እንያዝ። ምናልባት አንድ ቁመት ለሁሉ አይሆንምና መደቡን ደረጃ ባለው መልክ መሥራት ያስፈልግ ይሆናል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ በጥቅምት ቅዳሜዎች ቢጀመር መሬቱ ይጠነክራል፤ ፈተናም ገና ነው። የመጀመሪያው መደብ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ባለው መታጠፊያ ላይ ቢሆን እመርጣለሁ። እዚያ ነው አብዛኞቹ ሸክሙን ሳያወርዱ፣ እጃቸውን ጕልበታቸው ላይ ደግፈው፣ ለጥቂት ጊዜ የሚቆሙት።